በጉርሻ ነው የምኖረው ያልኩዎት

ለውድ አባቴ ለመሪጌታ ሠረቀብርሃን፤

እንዴት ሰነበቱ አባቴ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሌሊት ለቤተ ክርስቲያን ሲነሡ የአንኮበር ብርድ አልጎዳዎትም? አዲሱ መነጽርስ ተስማማዎት ወይስ እንደ ፊተኛው ሣጥን ውስጥ ገባ? እናቴስ ወገቧ ተሻላት? ሔራንና ቴዎፍሎስ በርትተው ይማራሉ? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት በእርስዎም ጸሎት አለሁ። ደህና ነኝ እንዳልል እግሬ አብጧል፣ ታምሜያለሁ እንዳልል ሥራ ላይ ነኝ። ደክሞኛል፣ በቃ እሱ ነው።

ስልክ ባለበት ዘመን ደብዳቤ ምን ይሠራል ይሉ ይሆናል። ምን ላድርግ፣ ስልኬን አላነሣም አሉ! ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ስደውል ወይ ይጠራ ይጠራና ይቆማል፣ ወይ ሔራን ታነሣና «አባባ ቤት የሉም» ትለኛለች። ከኋላዋ ግን ሳልዎ ይሰማኛል። ሳልዎን እኔ አላውቀውም? ይቅርታ ያድርጉልኝና በዐቢይ ጾም ልጅ ማስዋሸት ከእርስዎ አልጠበቅኩም ነበር።

የተቆጡበትን ነገር በኋላ የነገረኝ ቴዎፍሎስ ነው። በመጨረሻ ያወራን ቀን ኑሮ እንዴት ነው ብለው ጠየቁኝ። እኔም ደመወዜ በቤት ኪራይ እንደሚያልቅና በጉርሻ እንደምኖር ነገርኩዎት። ከማን ጉርሻ አሉኝ። ከእንግዶቹ ነዋ፣ ሴቶቹ ትንሽ ይከብዳቸዋል፣ ወንዶቹ ግን አይሰስቱም አልኩዎት እኔ ቂሏ። የሆነ ነገር ተናገሩና ስልኩን ዘጉት። እኔ ኔትወርኩ ነው ብዬ ደጋግሜ ደወልኩ። የተናገሩት «እንዲህ ያለች ልጅ የለችኝም» የሚል መሆኑን የሰማሁት ከወንድሜ አፍ ነው።

ኧረ አባቴ፣ ምን ነካዎት! የመሪጌታ ልጅ ሆኜ በየጠረጴዛው አፌን ከፍቼ የማላውቀው ወንድ ሁሉ ሲያጎርሰኝ ታየዎት? ከተማ ውስጥ ጉርሻ የሚሉት ለአስተናጋጅ የሚተዉትን ገንዘብ ነው። እንግዳው በልቶ ሲጨርስ ሒሳቡን ይከፍላል፣ ከመልሱ ላይ ጥቂት ይተውልናል፣ እሱ ነው ጉርሻ። ማን ይህን ስም እንዳወጣለት እንጃ፤ ያወጣው ሰው የቄስ ልጅ እንዳልነበረ ግን አውቃለሁ። ነገሩን ለምሥራቅ፣ አብራኝ ለምትሠራው ልጅ፣ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን አለቀስኩ። ከመዝጋትዎ በፊት አንዴ ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?

ያም ሆኖ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። የተቆጡበት ጉርሻ ራሱ ቀርቷል። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ሆቴላችን ምሳውን ቡፌ አድርጎታል። ቡፌ ማለት ልክ ሰርግ ቤት እንዳዩት ነው፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ስልጆው፣ ሱፍ ፍትፍቱ በረጅም ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፣ ሰው ሳህኑን ይዞ ተሰልፎ የፈለገውን ያነሣል። ክፍያው መግቢያው ላይ ነው። አብዛኛው ሰው በስልኩ ስለሚከፍል መልስ የሚባል ነገር የለም። ገብቶ በልቶ ይወጣል። «ራሴን ላስተናገድኩት ለማን ነው ጉርሻ የምሰጠው?» ይላሉ፣ እዚያው እኛ እየሰማን።

እኛስ እጃችንን አጣጥፈን የተቀመጥን መሰላቸው? ምግቡ ሲጎድል ከወጥ ቤት አምጥተን እንሞላለን፣ ውኃ እናቀርባለን፣ የፈሰሰ እንጠርጋለን። ሰዉ በተነሣ ቁጥር አዲስ ሳህን ስለሚወስድ የሳህኑ ክምር ማለቂያ የለውም። ዓይናቸው ስለማይጠግብ ቆልለው ያነሡና ግማሹን ይተዉታል፤ በጾም ወቅት ያን ሁሉ እንጀራ ስደፋ እርስዎ ቢያዩኝ ምን ይሉ ነበር እላለሁ። ማታ ጫማዬን ሳወልቅ እግሬ የኔ አይመስለኝም።

በቀደም ሁለት ጓደኛሞች በዚሁ ነገር ሲከራከሩ ምሳቸው በረደ። አንዱ የትም ቢሆን ከመቶ አሥር መስጠት ደንብ ነው ይላል፤ ሌላው ቡፌ ላይ ሳንቲም አይገባቸውም ይላል። ወዲህ ወዲያ ተባባሉና በመጨረሻ ወደኔ ዞረው፣ አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ለቡፌ ስንት ነው የሚሰጠው አሉኝ። እኔ ምን ልበል? አፍሬ «እንደ ፍቅራችሁ ነው» አልኳቸው። ሁለቱም ደስ ብሏቸው፣ አመስግነውኝ፣ ምንም ሳይሰጡ ሄዱ። ፍቅራቸው ያን ያህል ነበር መሰለኝ። ለእርስዎ ግን ሳላፍር ልንገርዎት። ሙሉ አስተናግደን ከመቶ አሥር ከተሰጠን ለቡፌ አምስት ቢሰጡን አነሰ አልልም። እንግዳው እንጀራውን ራሱ ቢያነሣም ሳህኑን ያነሣሁለት እኔ ነኝ።

ሥራ አስኪያጁ ቅሬታችን ሲበዛበት የመስታወት ሣጥን አሠርቶ መግቢያው ላይ አስቀመጠልን። የመጀመሪያው ቀን አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት ሙዳየ ምጽዋት መስሏቸው ሦስቴ ተሳልመው ብር ጨመሩበት። አልነገርናቸውም፤ ይቅር ይበለን።

አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ሳያደርስብኝ እኔው ልነግርዎት የሚገባ ነገር አለ። ዓርብ ዕለት ከመዘዞ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ልጃቸው እዚህ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተኝቶ ሊጠይቁት መጥተው ነው፤ ያመጣቸው ዘመድ ከፍሎላቸው ሄዷል። ሰዓቱ ዘጠኝ አልፎ አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነበር። ሳህን ይዘው ከየት እንደሚጀምሩ ግራ ሲገባቸው አይቼ እኔው አነሣሁላቸውና አስቀመጥኳቸው። ብቻዬን ልበላው ነው እንዴ እያሉ ግራ ቀኝ ያዩ ነበር። ሳህናቸውን ላነሣ ስመለስ ዳር ላይ ያስቀሩት እንጀራ አለ። ልጄ፣ በልተሻል ወይ አሉኝ። በኋላ እበላለሁ አልኳቸው። ያን ያስቀሩትን በስልጆ ጠቅልለው ብድግ አሉና «አፈር ስሆን፣ እንቢ እንዳትዪኝ» ብለው ወደ አፌ ዘረጉት።

አባቴ፣ ሰው እያየ ጎረስኩ። ጎረቤታችን ወልደኪዳን ገብሱን ሸጦ እኔን ሊጠይቅ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ እሱም አይቷል። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎት እሱ ነውና ይጠይቁት። እንባዬ ሲወርድ ሽማግሌው ደነገጡ፤ ስልጆው ሰናፍጩ በዝቶ ነው አልኳቸው። ሰናፍጩ አልነበረም። ደብረ ብርሃን ከመጣሁ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲበላ እያየሁ አንድ ሰው እንኳ አንቺስ በልተሻል ብሎኝ አያውቅም። እጃቸው ደግሞ እንደ እርስዎ እጅ ሻካራ ነው። ናፍቀውኛል፣ አባቴ። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቃቸው ወጡ። እንግዲህ ከወንድ እጅ የጎረስኩት ጉርሻ ይኸው ነው፤ ከተቆጡም በዚህ ይቆጡኝ እንጂ ባልሠራሁት አይቆጡኝ።

ምሥራቅ አዲስ አበባ እንሂድ፣ እዚያ ይሻላል እያለች ትወተውተኛለች። እኔ ሌላ ከተማ አልፈልግም፣ ቤቴን ነው የምፈልገው። እንዳልመጣ ደግሞ እርስዎ እንዳኮረፉኝ ሻንጣዬን ይዤ አንኮበር ጎረቤላ ብወርድ ሰው ምን እንደሚል ያውቁታል። ደክሞኝ ተመለስኩ ማለት አያሳፍረኝም። አባቷን አዋርዳ ተመለሰች መባልን ግን አልችለውም፣ አላዋረድኩዎትምና። ከሰኞ ጀምሮ ከሥራ ስወጣ እደውላለሁ። ያንሡትና «ልጄ፣ ነይ» ይበሉኝ። በማግስቱ መኪና ላይ ነኝ። ካላነሡት ግን ከምሥራቅ ጋር እሄዳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ደግሜ አልደውልም።

እናቴን ጉልበቷን ስሜያለሁ፤ ከባድ እንዳታነሣ ይንገሩልኝ። ሔራንን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ቴዎፍሎስ እውነቱን ስለነገረኝ እግዚአብሔር ይስጠው፤ እንዳይቆጡት አደራ። ጎረቤቱን ሁሉ፣ የጠየቀኝንም ያልጠየቀኝንም፣ ሰላም ይበሉልኝ። እርስዎን እጅዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ ነኝ፤
አመተ ማርያም ሠረቀብርሃን

ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.