አደራዊት ከደጇ ትነሣ

ሽንፋ፣ ሰኞ ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለእፀገነት ለይኩን
ገዳሪፍ

ልጄ፣ ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። እኔ ግን ደህና እንዳልሆንሽ ስለማውቅ አልጠይቅሽም። እኔስ ደህና ነኝ። ጠዋት ጠዋት ጉልበቴን ያመኛል፣ ፀሐይ ሲሞቀው ይተወኛል። ጥቁሯ ፍየል መንታ ወልዳለች። ጎረቤታችን ባየሽ ቤቷን ቆርቆሮ አልብሳ አሁን ደግሞ ሙቀቱ ገደለኝ እያለች ታማርራለች። ሣር ቤት ሳለችም ያፈስብኛል ነበር የምትለው።

የላክሽውን ደብተርና ደብዳቤ ሾፌሩ ኸሊል ቅዳሜ ከመኪናው ወርዶ በእጄ ሰጠኝ። "ልጅሽ መጽሐፍ ጽፋለች፤ ከሰው ሁሉ ቀድማ እናቴ ታንብበው ብላለች" አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አነበብኩት። እንደምታውቂው ፊደል የለየሁት ባንቺ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ነው፤ ዛሬም ጣቴን በመስመሩ ላይ ካልጎተትኩ ይጠፋኛል። ቢሆንም አንዲት ቃል አልዘለልኩም።

ባየሽ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና "ጮክ በይ፣ እኔም ልስማ" አለች። ሰባቱ አማልክት ያሉበት ላይ ስንደርስ አማተበች።

"አሰቡ፣ ጣዖት ነው እንዴ የምታነቢው? ያውም በመድኃኔዓለም ሳምንት?"

"ልጄ የፈጠረችው ነው። ተረት ነው።"

"ለተረትስ ጦጣና ዝንጀሮ መች አነሰ?"

ትንሽ ቆይቶ ደመናውን በአቁማዳ ቋጥሮ ለዘመዶቹ ማሳ ብቻ የሚያዘንበው አምላክ መጣ። "ይሄንንስ አውቀዋለሁ፤ የባሌ ወንድም ነው" ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ለትንፋሽ እንኳ ባቆም "አንብቢ እንጂ፣ ምን ይዘጋሻል" እያለች አስቸገረችኝ።

አደራዊት ጋ ስደርስ ግን ደብተሩን ዘጋሁት። ራሴን አመመኝ አልኩና ባየሽን ሸኘኋት። ከዚያ ብቻዬን ሦስት ጊዜ አነበብኳት።

ልጄ፣ ጥሩ አድርገሽ ጽፈሻታል። ንጉሡ ሊሞት ሲል "ከተማዬን አደራ" ይላታል። እሳቱ ሲመጣ ስድስቱ አማልክት ይሸሻሉ፣ እሷ ብቻ በሩ ላይ ትቀራለች። ቆማ ቆማ እግሯ ከደፉ ድንጋይ ጋር ይጋጠማል። ቃል የሚገባ ሰው ሁሉ ቁልፍ አምጥቶ በጣቶቿ ላይ ያንጠለጥላል። የታማኝነትና የግዴታ አምላክ ብለሻታል። ግርጌው ላይ ደግሞ በትንንሽ ፊደል "ይቺ እንስት አምላክ እናቴ ናት" የሚል አለ።

ከደብተሩ ጋር በመጣው ደብዳቤሽ እንዲህ ትያለሽ፦ "ትኩሳቱ ሦስት ሳምንት ሆነው። በግራ በኩል ከጎድኔ በታች ጠጥሯል። ነገ እሄዳለሁ እላለሁ፤ ሐኪም ቤቱ ግን ሩቅ ነው፤ አስተኝተው ቢያስቀሩኝ የሐጃ ሩፊዳ ቤት ባዶውን ያድራል። ቁልፉን በእጄ ሰጥተውኝ ነው የሄዱት። አደራዊት ብትሆን አትሄድም።"

ስለዚህ አባትሽ እንዴት እንደሞተ ልነግርሽ ነው።

አንቺ ያኔ ስምንት ዓመትሽ ነበር፣ ሸሕዲ አክስትሽ ዘንድ ትማሪ ነበር። ያደግሽበትን ወሬ አውቀዋለሁ። ለይኩን በወባ ተይዞ እርሻው ላይ ወደቀ፣ "ሂላውን አደራ" አለኝ፣ እኔም ቃሉን አክብሬ በሂላ የቆመውን ሰሊጥ አራግፌ ጨረስኩ፣ እሱ ግን ሞተ። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያወራው። ቄሱም በተዝካሩ ላይ ተናግረውታል።

አባትሽ እንዲያ አላለኝም።

እሑድ ታመመ። የታጨደው ሰሊጥ ታስሮ፣ ነዶው ተደጋግፎ፣ በሂላ ቆሞ ደርቆ ማክሰኞ ጠዋት አፉን ከፈተ። አፉን የከፈተ ሰሊጥ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ነፋስ ከቀደመሽ የዓመት ልፋትሽን መሬት ነው የሚበላው። ሸራውን አንጥፈን ልንጀምር ስንል የጎረቤት እርሻ ትራክተር ከነተሳቢው ወደ ሽንፋ ሊወርድ መጣ። አባትሽ ከዳሱ ሆኖ ጠራኝ።

"አሰቡ፣ ዛሬስ ሐኪም ቤት አድርሱኝ" አለኝ።

"ትራክተሩ ነገም ይመጣል። ይቺን ዛሬ እናራግፍና ነገ ይዤህ እሄዳለሁ" አልኩት።

"እንዳልሽ" አለ።

ፈንቴ የሚባል የጎጃም ሠራተኛ ነበረን። እሱ ሰምቶ ኖሮ ሰሊጡን ከእጁ አስቀመጠ። "እትዬ፣ የጋሼ ዓይን ቢጫ ሆኗል። እናንተ ሥሩ፣ እኔ ተሳቢው ላይ ደግፌው ልሂድ" አለኝ። አንድ ሰው ሲጎድል ሥራው እንደማያልቅ አሰብኩና "አንተ የተቀጠርክበትን ሥራ" አልኩት። ትራክተሩ ሄደ። እኛ ስናራግፍ ዋልን። ረቡዕ ሲመለስ አባትሽን ጫንኩት፤ ሽንፋ ሳንደርስ ጭኔ ላይ አረፈ።

ለቅሶው ላይ "ምነው ቶሎ አላመጣሽውም?" ብለው ሲጠይቁኝ አፌ "ሂላውን አደራ ብሎኝ ነው" አለ። ሳላስበው ወጣ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ አመሰገኑኝ። ከዚያ በኋላ መመለስ አልቻልኩም። ፈንቴ ያውቅ ነበር፤ ምንም ሳይናገር በሳምንቱ ወደ አገሩ ሄደ። ለንስሐ አባቴ እንኳ የነገርኳቸው አምና ነው። ያ ሰሊጥ አንቺን አስተማረ፣ ይሄንን ቤት ሠራ፣ እኔንም ስሜን አስጠራኝ። አሁን ደግሞ ባንቺ ደብተር ውስጥ አምላክ አደረገኝ።

ላሳዝንሽ ብዬ አይደለም የምነግርሽ። "ነገ እሄዳለሁ" የሚለውን ደብዳቤሽ ውስጥ ስላየሁት ነው። እኔ አውቀዋለሁ።

ትናንት ኸሊልን ለአሠሪሽ ለሐጃ ሩፊዳ አስደወልኩት። ጦርነቱን ሸሽተው ፖርት ሱዳን ከገቡ ወዲህ እሱ ያገኛቸዋል። "ልጄ ቤትዎን ትታ ብትወጣ ይቀየሟታል ወይ ብለህ ጠይቅልኝ" አልኩት። እሱ በዐረብኛ ነገራቸውና ረጅም ሰዓት ሰማ፣ ሰማ፣ መልሶ እኔን አየኝ።

"ተቆጡ" አለኝ።

"ምን አሉ?"

"ቤቱን ጠብቂ መች አልኳት ነው የሚሉት። ወንዶቹ ልጆቼ መኪናው ሞላ ብለው እሷን ትተዋት ሲሄዱ አፈርኩ፣ ሜዳ ላይ እንዳትወድቅ መጠለያ ብዬ ሰጠኋት አሉ። ትኩሳት ይዟት እስካሁን እዚያ ምን ትሠራለች ነው የሚሉት።"

እኛ አገር ቁልፍ በእጅ ከተሰጠ አደራ ነው፣ ቃል አያስፈልገውም። አንቺም እንደ እኛ ተረዳሽው። አልፈርድብሽም፤ ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ። ግን ልጄ፣ አባትሽም አደራ አላለኝም፣ ሐጃም አደራ አላሉሽም። ሁለታችንም ማንም ሳያዘን ቆምን።

አደራዊትን አታጥፊያት፣ ወድጃታለሁ። እናቴ ናት የሚለውን ሰርዢና አንድ ገጽ ጨምሪላት። በሩ ላይ ቆማ ሳለ ከውስጥ የሚጠራት ሰው ይኑር። ሰምታ ትሂድለት። እግሯ ከድንጋዩ ሲላቀቅ ያማታል፤ ቢያማትም ትሂድ። ያን ገጽ ስትጽፊ ፈንቴ የሚባል ሰው ብታስገቢ ደስ ይለኛል። አምላክ አታድርጊው፣ ሰው ይሁን።

ኸሊል ይሄን ደብዳቤ ይዞ ነገ ይነሣል። ሐሙስ ሲነጋ በራፍሽ ላይ መኪናውን ያቆማል። ቁልፉን ለሱ ስጪው፤ ሐጃ እንዲያ ብለዋል። መታወቂያሽን እንዳትረሺ፤ ለመንገድ ውሃና አንድ ነጠላ ይበቃሻል። እኔ መተማ ድልድዩ ላይ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ ቤት አንገባም፣ በቀጥታ ገንዳ ውሃ ሐኪም ቤት ነው። ካላዛር ከሆነ ሐኪሞቹ ያውቁታል፤ መድኃኒት አለው፣ መርፌው ያማል ይላሉ እንጂ ሰው ይድናል። አጠገብሽ አድራለሁ።

ባየሽ ዛሬ ማሳ ደርሳ መጥታ "የዘንድሮው ሂላሽ አፉን ከፍቷል፤ ሠራተኛ ሳይጠፋ ረቡዕና ሐሙስ እናራግፈው" አለችኝ። እኔ ረቡዕ ወደ መተማ እወርዳለሁ አልኳት።

"ይፈሳል እኮ፣ አሰቡ።"

"ይፍሰስ።"

አንቺ ደግሞ ምን ነካሽ ብላ አየችኝ። ከዚያ "ሂጂ በቃ፣ የቻልኩትን አደርጋለሁ" አለች።

ሐሙስ መድኃኔዓለም ነው። በዕለቱ መንገዱን ያቅናልሽ፣ ትኩሳቱን ያብርድልሽ፤ ኸሊልንም ከነመኪናው ይጠብቅልን። እስከ ቀትር ካልደረሳችሁ ግን ድልድዩ ላይ ቆሜ አልቀርም። ተሻግሬ እመጣለሁ።

እናትሽ
አሰበች