በእትዬ ዞህሬ ደጃፍ ያጠፋሁት ጥፋት

ለውድ እህቴ ለፈርሁንዴ፣

እህትዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? ያ የትከሻሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ ቬይሰልስ አሁንም የማታ ተረኛ ነው? እዚያ በኮሎኝ ከተማ ብርዱ ገና በመስከረም ይጀምራል ሲሉ ሰምቼ አስቤሻለሁ። እኔና ባለቤቴ ሙዘየን አላህ ይመስገን ጤነኞች ነን። ሌላ ጊዜ ሰላምታዬ ብቻውን አንድ ገጽ ይሞላ ነበር። ዛሬ ግን የምነግርሽ ነገር ስላሳፈረኝ አሳጥሬዋለሁ።

ስልኩን ትቼ ወረቀት ያነሳሁት ወድጄ አይደለም። ትናንት ስደውልልሽ ገና የዲቭሪጊ ከተማን ስም ስጠራ «የዚያን ቤት ነገር አታንሳብኝ፣ አልቋል» ብለሽ ዘጋሽብኝ። አልፈርድብሽም፤ እንዲያልቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ። እባክሽ ይህን ሳትጨርሺ እንዳትቀዳድጂው።

እንደምታውቂው ከጡረታ ጓደኞቼ ጋር በአውቶቡስ የወጣነው ጥንታዊ ቦታዎችን ልናይ ነበር። በመንገድ የድሮ ነጋዴዎች ያድሩበት የነበረውን ታላቅ ማደሪያ አየን፤ ሲቫስ ላይ መንታ ሚናሬት ያለውን የድሮ ትምህርት ቤት አየን። እኔማ ኮንያ የተወለድኩ በመሆኔ አስጎብኚውን ሳይቀር አላስወራ ብዬ ነበር። «ይህ ድንጋይ እንዲህ ነው፣ ያኛው ቅርጽ እንዲያ ነው» ስል ሙዘየን «ሳቢት፣ ልጁ እንጀራውን ይብላበት፣ ተወው» ትለኝ ነበር። እንግዲህ ዲቭሪጊ የገባሁት እንዲህ ተነፍቼ ነው።

አንቺ ያዘዝሽኝን አልረሳሁም። የልጅሽ የኢላይዳ እጮኛ የቶልጋ እናት እዚያ ስላሉ፣ ቀለበቱ ሳይታሰር ሄጄ ቤቱ ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ እንድመለከትልሽ ነበር። ሐሙስ ቀን ሄድን። እትዬ ዞህሬ ባል የሞተባቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው። በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ጫማችንን አውልቀን ገባን፤ እንደ እንግዳ አቀባበል ልማዳችን ኮሎኝ ሽቶ እጃችን ላይ አፈሰሱልን፤ ሽምብራና ዘቢብ የገባበት የአገራቸው ሩዝ እንደ ደረሰ ነግረውን ወደ ጓዳ ሄዱ። እኔ ያመጣሁትን የጣፋጭ ሳጥን በር ላይ ረስቼው ኖሮ ላነሳ ተመለስኩ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። የእኔም የሙዘየንም ጫማ ጫፉ ወደ ውጭ ዞሮ፣ ጎን ለጎን ተደርድሯል።

አያታችን የነገሩንን አንቺም አትረሺውም። በደርቪሾቹ፣ በኮንያ የሱፊ ደረሶች ቤት የማይሆን ተማሪ በቃል ሂድ አይባልም፤ ጫማው ወደ ደጅ ይዞርለታል፣ እሱም አይቶ ዝም ብሎ ይወጣል። በእኛ ቤት ከዚህ የከፋ ስድብ አልነበረም። ደሜ ፈላ። ሙዘየንን ጠርቼ «ተነሺ» አልኳት። «ሰውዬ ምን ነካህ? ምግብ እኮ ቀርቧል» አለችኝ። አልሰማኋትም። እትዬ ዞህሬ ትሪውን እንደ ያዙ ከጓዳ ብቅ ሲሉ «መልእክትዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ብዬ ወጣሁ። ይባስ ብዬ ሳጥኑንም ይዤው ወጣሁ። ይህን መጻፍ ከሁሉ ይበልጥ ያሳፍረኛል።

ከዚያ ወደ ታላቁ መስጊድ ወረድን። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል በተቀረጸው የድንጋይ በር ላይ የሚጸልይ ሰው ጥላ የሚታይበት ሰዓት ነበር። ሰው ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ያንን ሲያይ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ለአንቺ እደውል ነበር። «አባረሩን፣ ልጅሽ ለዚያ ቤት አትሆንም» ያልኩሽ እዚያ ቆሜ ነው። አንቺም የኮንያ ልጅ ነሽና ጫማው ዞረ ስልሽ ሌላ አልጠየቅሽኝም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በማግስቱ ልጅቷን አስለቅሰሽ ቶልጋን በራችንን እንዳትረግጥ ማለትሽን ሰማሁ።

በዚያው ዓርብ ጠዋት ለጎብኚ የተከፈተ አንድ የድሮ ባላባት ቤት ወሰዱን። ጫማ አውልቀን ገብተን ስንመለስ የአውቶቡሱ ሰው ጫማ በሙሉ ወደ ውጭ ዞሯል። እኔም ለቀልድ የቤቱን ጠባቂ ሴትዮ «ሁላችንንም አባረሩን ማለት ነው?» አልኳቸው። ሴትዮዋ ደነገጡ።

«ኧረ ምን ማለትዎ ነው አባቴ! እንግዳ ሲወጣ ጎንበስ ብሎ እንዳይቸገር ነዋ። ሳናዞር ብንቀር ለእኛ ነውር ነው» አሉኝ።

ሙዘየን ዞር ብላ አየችኝ። «በል እንግዲህ፣ ያባረሩህ በአክብሮት ነው» አለች። ሳቀች ብዬ አየኋት፤ አልሳቀችም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አውቶቡሱ ወደ ኤርዙሩም ሲሄድ እኛ ሻንጣችንን አውርደን ቀረን።

እትዬ ዞህሬ በሩን ከፈቱልን። እጃቸውን ልስም ጎንበስ ብል ሰበሰቡት። ቆሜ ከአያታችን ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ እንዲህ አሉኝ፤ «ወንድሜ፣ ይህ ጉልበቴ እንዴት እንደሚታጠፍ አላህ ያውቃል። ላባርርህ ብፈልግ ጫማህ ሥር እንበረከክ ነበር? ከወጣችሁ ወዲህ ጥፋቴን ስፈልግ ነው ያደርኩት። ጨው በዝቶ ይሆን ብዬ ሩዙን ደጋግሜ ቀመስኩት። ልጄ ደውሎ ምን አድርገሻቸው ነው ቢለኝ የማውቀው የለም። ብቻ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እነሱን እንዳትቀየም አልኩት።»

ፈርሁንዴ፣ ያላጠፉትን ጥፋት ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ ለእኔ ሲሉ ወሰዱት። ቤቱ ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ልከሽኝ ነበር፤ መልሱ ይኸው ነው። ይቅርታ ስለምናቸው ደግሞ «የራሴን ይቅር ብዬሃለሁ። የልጆቹን ግን እኔ ይቅር ልልህ አልችልም፣ ባለቤቶቹን ጠይቅ» አሉኝ። ከዚያ ያንኑ ሩዝ አሙቀው አበሉን።

ስለዚህ እለምንሻለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ቶልጋን አስጠርተሽ ለሁለቱም ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ሳጥኑን ይዤ የወጣሁበትንም እንዳትዘዪው። ቀለበቱን ቢያስሩም ባያስሩም የራሳቸው ፈቃድ ይሁን፤ ብቻ የእናቱን ስም ያጎደፈው አጎቷ መሆኑን ይወቁ። አንቺም ለእትዬ ዞህሬ ደውዪላቸው። ስልኩ አጠገብ ተቀምጠው ነው የተውኳቸው።

ቬይሰልን ሰላም በይልኝ፤ ጀርባውን ከብርድ ይጠብቅ። ትንሹ ኬረም አድጎ ይሆናል፣ ጉንጩን ሳሚልኝ። ሙዘየን ሁላችሁንም በናፍቆት ሰላም ትላለች፤ እኔን ግን እስካሁን በቅጡ አታናግረኝም። ለኢላይዳ ሰላምታ አልላክሁም። ረስቼ አይደለም፤ አጎቴ ብላ እስክትጠራኝ ድረስ የምልክበት ፊት የለኝም።

ወንድምሽ ሳቢት
ዲቭሪጊ፣ መስከረም 6 ቀን 2005 ዓ.ም.