በሸሚዝህ ውስጥ የተሰፉት ሁለት ኪሶች

ይማሜ፣ የሀያት አባት፣ ባለህበት ሰላም ይውረድልህ።

ከተለያየን ሁለት ረመዳን ገብቶ ወጣ። ሳልጽፍልህ የቆየሁት ረስቼህ አይደለም፤ የምነግርህ ነገር ስላሳፈረኝ ነው። አሁንም እያፈርኩ ነው የምጽፈው። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪዎቼን «ቀጥ ብለሽ ቁሚና ጮክ ብለሽ ተናገሪ» ስል ኖሬ፣ ተራው የእኔ ሲሆን ተደበቅኩ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ኩዌትን አልለቀቅኩም፤ የጀህራውን ቤት ግን ለቅቄ ፊንጣስ ሀያት ጋ ገብቻለሁ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ባሕሩ እንደ ቁራጭ ጨርቅ ይታያል። ሱቅህን አንድ ፓኪስታናዊ ልብስ ሰፊ ይዞታል። የመቁረጫ ጠረጴዛህን አልቀየረውም፣ በመስታወቱ አይቼዋለሁ። የስፌት መኪናህን ግን አልሰጠሁትም፤ ሀያት ሳሎን ጥግ ላይ ተሸፍና ተቀምጣለች። አማችህ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ከሳምንቱ ግማሹን ቤት የለም። ሀያት አሁንም መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ አሁንም እንዳንተ እያፏጨች ታበስላለች፤ አሁንም ጨው ታበዛለች።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ታምሜ ነበር። ግራ ጡቴን ቆርጠው አወጡት።

ይኸው፣ ጻፍኩት። ፊቴን ሞቀኝ።

ሐኪሙ ካንሰር ነው ባለኝ ቀን መጀመሪያ የመጣብኝ ሞት አልነበረም፤ ሰው ምን ይለኛል የሚለው ነው። የእኛ ሰው ይህን በሽታ በስሙ እንኳ አይጠራውም፤ «ያ ነገር» ብሎ ድምፁን ይቀንሳል። እኔም ሀያትን «ለሚጠይቅሽ ሁሉ ትርፍ አንጀት ነው በይ» አልኳት። ለአንዲት ውሸት ከረሜላ ስትከለክላት የኖረች እናቷ ውሸት ስታስጠናት ልጄ አፍጥጣ አየችኝ። ቢሆንም እሺ አለች።

ከሆስፒታል ስወጣ ከብብቴ ሥር ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ተተክለውብኝ ነበር። ከየጫፋቸው ሮማን የምታክል ለስላሳ የፕላስቲክ ዕቃ ተንጠልጥላለች። ቁስሉ የሚያመነጨው ፈሳሽ ውስጥ እንዳይጠራቀም ስባ የምታወጣው እሷ ናት። የምትስበው ግን አየሯን ጨምቀህ አስወጥተህ፣ እንደተጨፈለቀች ከዘጋሃት ብቻ ነው፤ በአየር ካበጠች ሥራዋን አቁማለች ማለት ነው። ጠዋትና ማታ እጄን በሳሙና ታጥቤ ክዳኗን እከፍታለሁ፣ ያለውን ወደ መለኪያው እገለብጣለሁ፣ መጠኑን እጽፋለሁ፣ አፏን በአልኮል ጠርጌ፣ ጨፍልቄ እዘጋለሁ። የሆስፒታሉ ሲስተር አንድ ጊዜ ሠርታ አሳየችኝና «አሁን ደግሞ አንቺ አሳዪኝ» አለችኝ። የእኔኑ ዘዴ በእኔ ላይ! አንድም ሳላዛንፍ ሠራሁት። «ጎበዝ ተማሪ ነሽ» አለችኝ። ኮራሁ፣ ይማሜ።

ስለ ልብስም ነግራኝ ነበር። ሰፋ ያለ ይሁን፣ ከፊት ይከፈት፣ ደረትን አያጥብቅ፣ ስፌቱ ቁስሉ ላይ አይረፍ አለች። ሮማኖቹ በራሳቸው ክብደት ቱቦውን እንዳይጎትቱ ከቁስሉ ዝቅ አድርገሽ ልብስሽ ላይ አስይዣቸው፤ ቱቦው አይታጠፍ፣ ምንም ነገር አይጫነው አለች። ቤት ገብተን ቁም ሣጥኔን ስንከፍት ያለኝ ሁሉ በራስ የሚጠለቅ ነው፤ ጀለቢያውም፣ ቀሚሱም፣ አንተ የሰፋህልኝም። ግራ እጄ ደግሞ ከትከሻዬ በላይ አልወጣ ብሏል። ሀያት ከገበያ በዚፕ የሚከፈት የቤት ልብስ ገዛችልኝ። የዚፑ ብረት ቁስሉ ጠርዝ ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ ጨርቁ ስስ ስለሆነ ሁለቱ ሮማኖች ዳሌዬ ላይ ጉብ ጉብ ብለው ይታያሉ። ከደረቴ የጎደለው ወርዶ ወገቤ ላይ የበቀለ መሰለኝ።

ስለዚህ መቀነቴን አወጣሁ። ሀያትን ስወልድ እናቴ ወገቤን ያሰረችበትን፣ ረጅሙን። ለእኛ አገር ሴት መቀነት የማይሰበስበው ነገር የለም፤ የላላ ሆድ ይሰበስባል፣ የደከመ ወገብ ያጸናል፣ የሚደበቅ ነገር ይደብቃል። ሮማኖቹን ጨፍልቄ ዘጋሁ፣ ቱቦዎቹን ጠቅልዬ ሆዴ ላይ አስተኛሁ፣ መቀነቱን ዙሪያ ዙሪያውን አጥብቄ ጠመጠምኩት። መስታወት ፊት ቆምኩ። ምንም አይታይም።

ይህን ሁሉ የማደርገው የመታጠቢያ ቤቱን በር ቆልፌ ነው። ሀያት ከውጭ «እማዬ፣ ልርዳሽ» ስትል «ሲስተሯ አስተምራኛለች» እላታለሁ። ደረቴን አይታው አታውቅም፤ እንድታየውም አልፈልግም ነበር። ፈሳሽ እየወረደኝ እንዴት እንደምሰግድ እንኳ ኡስታዙን ለመጠየቅ አፍሬ፣ በስልክ የጠየቀችልኝ እሷ ናት። ለየሰላቱ ውዱ አድርጋ ቁጭ ብላ ትስገድ አሉ። የእኔን ምስጢር ለሰው አፍ አውጥታ ስትናገር ትራስ ውስጥ ፊቴን ቀበርኩ።

መቀነቱን ካሰርኩ በኋላ የፈሳሹ መጠን ቀነሰ፤ ውሎ አድሮም ከሞላ ጎደል ደረቀ። ሲደርቅ ቱቦው ይወጣል ተብያለሁና ፈተና ያለፍኩ መሰለኝ። ከብብቴ ሥር ያበጠውን፣ ስነካው ውሃ እንደያዘ ከረጢት የሚላወሰውን ግን የቁስሉ ጠባይ ነው ብዬ አለፍኩት። መምህር ሆኜ፣ መልሱ ደስ ስላለኝ ብቻ አሠራሩን ሳላይ ትክክል ብዬ አረምኩ።

አርብ ደረሰ። አርብን ታውቀዋለህ፤ በሰው ቤት የሚሠሩ የአገራችን ልጆች ማዳሞቻቸው ሲለቋቸው የሚጠያየቁበት ቀን ነው። ፋጡማ መጣች፤ ያቺ ሚሽሪፍ የምትሠራው የወረኢሉ ልጅ፣ ዓባያ በገዛች ቁጥር ሱቅህ እየመጣች «ጋሽ ይማም፣ እኔ ነኝ የማጥረው ወይስ ዓባያው ነው የሚያድገው?» የምትልህ። ትዕግሥትም አብራት ነበረች፤ እሷ እዚያው ሰፈር ሌላ ቤት ተቀጥራለች። ጾም ላይ ስለሆነች የምስር ወጥ በዕቃ ቋጥራ ይዛ መጣች።

ፋጡማ ገና ከበሩ «ቲቸር! በዚህ ዕድሜ ትርፍ አንጀት? እኔ ትርፍ ነገር ያለው ማዳም ቤት ብቻ ይመስለኝ ነበር!» እያለች መጥታ አቀፈችኝ። እንደ አገራችን ነው ያቀፈችኝ፤ ትከሻ ለትከሻ፣ አንዴ፣ ደግማ፣ ሠልሳ። «አትንኪኝ» ልላት አልቻልኩም፤ ትርፍ አንጀት ደረት ላይ የለምና። በመጨረሻ ጥብቅ ስታደርገኝ ቱቦው ከገባበት ላይ ትኩስ ነገር አምልጦ በጎኔ ወረደ።

ክንዴን ገጥሜ ተቀመጥኩ። ሀያት ለእኔና ለፋጡማ ቀዝቃዛ ለበን በብርጭቆ፣ ለትዕግሥት ሻይ ሰጥታ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች። ያየችው ትዕግሥት ናት። «እትዬ፣ ልብስዎ...» አለች። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከብብቴ እስከ ወገቤ ቀልቷል።

«ጭማቂ ፈሶብኝ ነው» አልኩ።

ፋጡማ እጄ ላይ ያለውን ብርጭቆ አየች። ለበኑ ነጭ ነው፣ እንደ አሬራ። «ወላሂ ቲቸር፣ ኩዌት ስንቱን አሳየችኝ፤ ቀይ ለበን ግን ዛሬ ገና ነው!» ብላ ሳቀች። ማንም አልተከተላትም። ሳቋ መሀል ላይ ገባትና በሻሿ ጫፍ አፏን ያዘች።

ከደሙ ይልቅ ብርጭቆው አሳፈረኝ፣ ይማሜ። ነጭ ነገር ይዤ ቀይ ነው ስል፣ ልጆቹ እኔን ላለማሳፈር ወለሉን አዩ።

ሀያት መጥታ ክንዴን ይዛ መታጠቢያ ቤት አስገባችኝ። በሩን ልዘጋባት ስል እግሯን አስገባች። «በቃ፣ እማዬ» አለች። መቀነቱን ፈታችው። ቱቦዎቹ ተጣጥፈው ተጣብቀዋል፤ ሮማኖቹ እንደተጨፈለቁ ቀርተዋል፣ ውስጣቸው ባዶ ነው። መውጣት የነበረበት ሁሉ እኔው ውስጥ ተጠራቅሞ ነበር።

«መቀነት?» አለች።

«አዎ።»

«ሲስተሯ መቀነት እሰሪ ብላ ነው ያስተማረችሽ?» እኔን መሰለች፤ መልሱን እያወቀች ትጠይቃለች።

በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ወሰደችኝ። የመኪናው ቀበቶ ደረቴን እንዳይቆርጠኝ ትንሽ ትራስ በመካከሉ አስገባችልኝ። ሐኪሙ የተጠራቀመውን በመርፌ ሳበው። «መግል ይዞ ቢሆን ኖሮ መልሼ እከፍትሽ ነበር። አሁንም ከተጠራቀመ እከፍትሻለሁ» አለኝ። ቀጥሎ «ቤት ውስጥ የሚረዳሽ ማነው?» ሲል ሀያት እንደ ተማሪ እጇን አወጣች። ጫማዬን አየሁ። ያንን እጅ ከበር ውጭ ያቆምኩት እኔ ነኝ።

ቤት ስንመለስ ያንተን ሻንጣ አወረደች። ሱቅ ውስጥ የምትለብሰውን ሰማያዊ መስመር ያለውን የጥጥ ሸሚዝህን አወጣች፤ ከእጥበት ብዛት የለሰለሰውን። ሰፊ ነው፣ ከፊት ይከፈታል፣ ቁልፎቹ ትናንሽ ናቸው፤ ደረቴን የሚያጠብቅ አንድ ነገር የለውም። ከአሮጌ የትራስ ልብስ ጨርቅ ቆረጠችና በውስጥ በኩል፣ ከወገብ ከፍ አድርጋ፣ ሮማኖቹ የሚቀመጡባቸው ሁለት ኪሶች ሰፋች። አንተ ከሄድክ ወዲህ የስፌት መኪናህን የነካት አልነበረም። ድምጿን ስሰማ ከአልጋዬ ተነሥቼ በሩ ድረስ ሄድኩና ተመለስኩ።

ስፌቱ ጠማማ ነው። አንደኛው ኪስ ከሌላው ከፍ ይላል። አየሁት፤ አላረምኩትም። ይህን ስነግርህ እንደምትስቅ አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ ሀያት ትገለብጣለች፣ እኔ መለኪያውን እይዛለሁ። ፈሳሹ መጀመሪያ በዛ፣ ከዚያ በእውነት ቀነሰ። ሐኪሙ እብጠቱ ተመልሶ እንዳልመጣ ዳስሶ አየና አንደኛውን ቱቦ አወጣው። አልከፈተኝም። ሁለተኛው ቱቦ ገና አለ፤ አንዱ ኪስ ግን ባዶ ሆኗል።

በተከታዩ አርብ ፋጡማና ትዕግሥት መጡ። ፋጡማ በሩ ላይ እጇን ሰብስባ ቆመች። እሷ ዝም ስትል አይተህ ታውቃለህ? ሸሚዙን አየችው፤ «የጋሽ ይማም ነው» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ «ቲቸር፣ በየት በኩል ነው የሚታቀፉት?» አለችኝ።

«በቀኝ» አልኳት።

የዚያን ቀን እውነቱን ለሁለቱም ነገርኳቸው። ፊቴ እየነደደ ነበር፣ ግን ነገርኳቸው። ትዕግሥትም ከአንገቷ ዝቅ ብሎ ያገኘችውን እብጠት ለማንም ሳትናገር መቆየቷን አወራችን። ሀያት ሐኪም ቤት ልትወስዳት ተቀጣጥረዋል። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው እንዲያነበው የፈቀድኩት ለዚህ ነው። ገላዬን ለማያውቀኝ ሁሉ ስላወራሁ ይቅር በለኝ። ምናልባት አንዲት ሴት መቀነቷን ትፈታ ይሆናል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ኪሶቹ በተሰፉ ማግስት ሀያት ያቺን ነጭ የፕላስቲክ ወንበር መታጠቢያ ቤት አስገባች። አንተን ያጠብኩባትን። መጨረሻ አካባቢ እጅህ ሲዝል ላጥብህ ስል ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረህ «ዘይነብ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» ያልከኝ ትዝ ይልሃል? «ባልና ሚስት ምን ያሳፍራቸዋል!» ብዬ ተቆጣሁህ። ኋላ ግን «እሺ፣ ጨፍኛለሁ» አልኩህ። አልጨፈንኩም ነበር። የላላውን ገላህን፣ ጀርባህ ላይ የተላጠውን ቦታ፣ ሁሉንም እያየሁ ነው ያጠብኩህ። ያታለልኩህ ይመስለኝ ነበር።

እኔም ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ሀያት ሸሚዝህን ስትከፍት ፊቴ በራሱ ጊዜ ወደ ግድግዳው ዞረ። «ዓይንሽን ጨፍኚ» አልኳት።

«እሺ እማዬ፣ ጨፍኛለሁ» አለች።

እርጥቡ ጨርቅ በስፌቱ ዳር ዳር ሄደ። ፋሻውን አልነካም፣ ቱቦውን አልጎተተም፣ የሚያመኝ ቦታ ሲደርስ ቀለል አለ። የተጨፈነ ዓይን እጅን እንዲህ አይመራም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ አንተም ታውቅ ነበር። እያወቅክ ዝም ብለህ ታጠብክልኝ። እኔም ዝም አልኩ።

ሸሚዝህን ከነጠማማ ኪሶቹ አስቀምጠዋለሁ፤ ሁለተኛው ቱቦ ሲወጣም ስፌቱን አላስፈታውም። ባወጣሁት ቁጥር አንተን፣ ያንን ግድግዳና ያንን ወንበር አስታውሳለሁ። ኀፍረቱ አልለቀቀኝም፤ አብሮኝ ይታጠባል፣ አብሮኝ ይለብሳል። እናም ከዚያ ሆነህ የምታየኝ ከሆነ፣ ይማሜ፣ ዓይንህን ጨፍን። «እሺ፣ ጨፍኛለሁ» በለኝ። አምንሃለሁ።

ዘይነብህ