የሃሩኤ ጉሮሮና የኔ

ለውድ እህቴ ለየወይንሐረግ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ፣ ያ ብርድ ተወሽ ወይ? ላሚቱ ወለደች? እኔማ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ለሰው ሁሉ የምለው እንደዚያ ነው። አንቺን ግን አልዋሽሽም። ፈርቻለሁ።

ጉሮሮዬ ላይ እብጠት ወጣብኝ። ልጄ ልዕልት ጎትታ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። መቀደድ አለበት፣ ድምፅዎንም ሊነካው ይችላል ማለታቸውን ፊቷን አዙራ ነገረችኝ። ቀኑን በደብዳቤ እንልካለን ብለው ነበር። ደብዳቤው ሲመጣ እሷ ሥራ ነበረች፤ ዳዊቴ ውስጥ ደበቅሁት። ሦስት ሳምንት ሆነው። ስትጠይቀኝ አልመጣም እላለሁ፣ ከዚያ ያንኑ ዳዊት ይዤ እጸልያለሁ።

ድምፄን ታውቂዋለሽ። ሰርግ ላይ ስሸልል ማዶ የሚያርሰው ሰው በሬውን ያቆም ነበር። እዚህ ሰው አገር እንግሊዝኛ የለኝ፣ መኪና የለኝ፤ ያለኝ እሱ ነው። የልዕልት ልጅ ቤዚ እንኳ አማርኛ የምትሰማው ከኔ ነው። እናትየዋ ሁለት ሥራ ይዛ መቼ ታወራታለች?

ኮርያ ቆስዬ ቶኪዮ ሆስፒታል ስተኛ፣ አልጋ ባልጋ እየዞረች የዘፈነችልን ጃፓናዊት ልጅ ትዝ ትልሻለች? ፎቶዋን ይዤ መጥቼ ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ወር ሙሉ ያኮረፈችኝ? ሃሩኤ ታሺሮ ትባላለች። ለካ ኋላ ስመ ጥር የፊልም ተዋናይት ሆናለች! ልብስ ማጠቢያው ክፍል የማገኛት ጃፓናዊት ጎረቤታችን ፎቶውን ባሳየኋት ጊዜ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሮጣ ስለ ሃሩኤ ሕይወት የሚያወራ ቪዲዮ አመጣችልኝ።

ከቤዚ ጋር አየነው፤ ከሥር የተጻፈውን እንግሊዝኛ እያነበበች ትነግረኛለች። ሸክላ አስቀረጸች፣ ባገሩ ሁሉ ተሸጠ፤ ፊልም ሠራች፣ እዚያም ዘፈነች። ከዚያ ጉሮሮዋን ታመመችና ቀደዷት። ቤዚ ዞራ አየችኝ። ምን ይላል ብላት፣ «አባባ፣ ሁለተኛ አልዘፈነችም ይላል» አለችኝ። አጥፊው አልኳት። ግትርነቷ የኔ ነው፤ «ኖ አባባ፣ አላለቀም!» ብላ እምቢ አለች።

ሃሩኤ ሁለት ዓመት ጠፍታ ተመለሰች። ዘፈን ቀረ፣ ፊልም ብቻ። አንዱ ላይ ልጇ በጀልባ ሲሄድባት ከባሕሩ ዳር ትጣራለች። የሰው ድምፅ እንዳይመስልሽ፣ መጋዝ ነው። ልጁ ግን ዞረ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ፊልም ሠርታለች አለችኝ ቤዚ።

ዳዊቴን ገልጬ ደብዳቤውን ሰጠኋት። ቀኑ ገና አላለፈም፤ በኛ አቆጣጠር ልክ የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ነው። ልዕልት ስትሰማ፣ «አባዬ፣ ምነው እንደ ሕፃን!» ብላ አለቀሰች። ተቆጣኋት፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? እሄዳለሁ። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም፤ ምራቄን በዋጥሁ ቁጥር እዚያው ነው።

ለባልሽ ለኪዳኔ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ መፍራቴን ግን እንዳትነግሪው፣ ይስቅብኛል። ልጅሽን ክፍሉን ሳሚልኝ፣ ትምህርቱን እንዳይተው። ባለስልኩን ጎረቤትሽን፣ ይገዙን፣ እንዴት ነህ በይልኝ። ለገና እደውላለሁ። ዝም ያለ ስልክ ከመጣ፣ ተሳስተዋል ብሎ እንዳይዘጋው አደራ በይው። ይጥራሽ። አንቺ አውሪ፤ እኔ ነኝ።

ወንድምሽ የአሥር አለቃ ልሳነወርቅ
አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ
ኅዳር 20 ቀን 1988 ዓ.ም.