ማገጥ ደብሊን ላይ

ባንቺዓለም እህቴ፣ እንዴት ከርመሻል?

ዛሬ መጋቢት ስምንት ነው፤ ደብሊን አረንጓዴ ለብሳ የቅዱስ ፓትሪክን በዓል ታከብራለች። አከራዬ አሮጊቷ ካፖርቴ ላይ ባለሦስት ቅጠል ሣር ሰኩልኝ። ባየው፣ ለላም የምናጭደው ማገጥ!

«ፓትሪክ አንድነትና ሦስትነትን ያስተማረን በዚህ ነው ይባላል» አሉኝ።

ቅናት አንገበገበኝ። አገራችን እስቴ ሜዳው ሁሉ ማገጥ አይደል? እንዴት እኛ ቀድመን አላየነውም?

«እኛ አገር ይሄን ላም ናት የምትበላው» አልኳቸው።

ይቀየማሉ ስል «የታደለች ላም!» ብለው ሳቁ። ቅናቴ ባሰብኝ።

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀ። የጎረቤታችንን የእማማ ንግስትን ጉልበት ሳሚልኝ፤ የዳዊት መጽሐፋቸውንም ተዋሺልኝ። መስከረም ላይ ማገጡ ሲያብብ ከላሟ ቀድመሽ አንድ ቅጠል ቅጠፊና በዳዊቱ ገጾች መካከል አድርቀሽ ላኪልኝ። ለከርሞ የእነሱን አልሰካም።

እናትነሽ