ሞተሩ ሳይሞቅ

ሰኞ

ልገዛው ያሰብኩት ፒካፕ ዛሬም ሞቆ ጠበቀኝ። ኮፈኑ ላይ እጄን ሳሳርፍ ከምድጃ የወረደ የድስት ክዳን ነው የሚመስለው። ቅዳሜ ዕለት ለባለቤቱ ለጋሽ ዳንኤል በግልጽ ነግሬያቸው ነበር፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ፣ እስክመጣ እንዳያስነሱት ብዬ። "ከግቢ ወደ በር ላውጣው ብዬ ነው" አሉኝ። ከግቢያቸው እስከ በሩ ስንት እርምጃ አለውና ነው ሞተር እንዲህ የሚግለው? ባለፈው ቀጠሮም እንዲሁ ነበር። ያኔ ደግሞ ልጃቸውን አድርሰው መመለሳቸው ነበር።

ፒካፑ ያምራል፣ አልዋሽም። ነጭ፣ ደብል ጋቢና፣ ጎማው አዲስ፣ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ገና አልተነሳም። የኋላ መስታወቱ ላይ በትልቁ "እግዚአብሔር ታማኝ ነው" የሚል ተለጥፏል። አሜን። ስለ ሞተሩ ግን የተጻፈ ነገር የለም።

ቤት ስገባ ባሌ ታሪኩ፣ "እንዴት ሆነልሽ?" አለኝ። ታሪኩ የሚጠይቀው መልሱን ከወሰነ በኋላ ነው። የአማኝ መኪና እኮ ነው፣ ሰውየው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ ይለኛል። አማኝ አይደሉም አላልኩም። እኔ የምፈልገው የሚታመን መኪና ነው አልኩት። ለእሱ ሁለቱ አንድ ናቸው።

ማክሰኞ

ለምን እንዲህ እንደምደርቅ ልጻፈው፣ ነገ ሰው ሲጫነኝ እንዳልረሳ።

ባለፈው ዓመት ከጉኑኖ የሰበሰብኩትን አቮካዶ የጫንኩበት የኪራይ ፒካፕ ዳገቱ ላይ ቆመ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ዋልን፤ እኔ ሳጥኖቹ ላይ፣ ሾፌሩ ጎማው ሥር ተቀምጦ። ሌላ ወሬ ሲያልቅበት የመኪናውን ጉድ ይነግረኝ ጀመር። ሲገዙት ሞተሩን አጥበው፣ ዘይት ቀይረው፣ ሞቅ አድርገው ነበር ያሳዩዋቸው። ለካ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ተሰንጥቆ የተበየደ ነው፤ አድሮ ሲነሳ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ራዲያተሩ ውስጥ ውሃው ይንተከተካል፣ ሲጭን ውሃውን ይጨርሳል። "ጠዋት ሳይሞቅ ብናየው ኖሮ አንገዛውም ነበር" አለኝ። የሞቀ ሞተር ጉዱን ይደብቃል፤ ያደረ ሞተር ግን መደበቅ አይችልም። ይህን የተማርኩት በአንድ ጭነት አቮካዶ ነው። በማግስቱ ጠቁሮ ለከብት ተሰጠ።

ጭነቴን የማስረክበው ለሙዘሚል ነው። ቤተሰቦቹ ከስልጤ መጥተው እዚህ ሶዶ የከተሙ የፍራፍሬ ጅምላ ነጋዴ ነው።  ከዚያ ቀን በኋላ የእሱ የጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ የሚወጣበት ሰዓት እንዳለው፣ አንዴ ደግሜ ከቀረሁ ቦታዬን ለሌላ እንደሚሰጥ ቁርጡን ነገረኝ። እውነቱን ነው።

ስለዚህ ጉኑኖ ሄዶ፣ ሲያስፈልግም ሃላሌ ድረስ ዘልቆ፣ ጭኖ፣ ዳገት ወጥቶ፣ በሰዓቱ ሶዶ የሚገባ መኪና እፈልጋለሁ። ማማሩ ግድ አይሰጠኝም። ማስተማሬን ትቼ ወደ ንግድ ስገባ የመምህራን ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ትመለሻለሽ ብለውኛል። ያጠራቀምኩትን በሙሉ አውጥቼ የገዛሁት መኪና መንገድ ላይ ከቆመ የሚቀረኝ ያ ክፍል ነው። አልመለስም።

ረቡዕ

ጋራዥ ሄድን፤ ጋሽ ዳንኤል የመረጡት ጋራዥ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ፣ ገልመጥ አደረገና "መኪናዋ ጥሩ ናት፣ ቲቸር" አለኝ። አለቀ። ምርመራው ይኸው ነበር።

እኔ ያየሁት፦

ሞተሩ ከእኔ ሳህን በላይ ታጥቧል። ጤነኛን ሞተር ማን እንዲህ ያሽሞነሙነዋል?

ዘይቱ ማር መስሏል። ገና መቀየሩ ነው።

የፍሪጃችንን ማግኔት በቦርሳዬ ይዤ ነበር። በሩ ላይ ልጥፍ አለ። ከኋላ ጎማው በላይ ሳስጠጋው ተንሸራትቶ ወደቀ። እዚያ ጋ ብረት የለም፣ ቀለም የተቀባ ስቱኮ ነው። ተጋጭቶ ነበር ማለት ነው።

የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ተበልቶ አልቋል። ኪሎሜትር ቆጣሪው ግን ትናንት የመጣ መኪና ነኝ ይላል።

ሊብሬው ንጹሕ ነው፣ የሻንሲው ቁጥርም ይገጥማል። ይህንንም ልጻፍ፣ ለእውነቱ ስል።

ማግኔቱ ሲወድቅ መካኒኩ ሳቀ። ጋሽ ዳንኤል አልሳቁም። "እህት ማርታ፣ ወንድምና እህት ሲገበያዩ እንዲህ ይበረባበራሉ?" አሉኝ። ስቱኮውን እተወዋለሁ፣ አቮካዶዬን የሚያደርሰው ቀለሙ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ብቻ አድሮ ሲነሳ ልየው አልኳቸው። "ጌታ ይባርክሽ" ብለው በሩን ጠረቀሙና ሄዱ። እኔ በባጃጅ ተመለስኩ።

ሐሙስ

ስም ወጥቶልኛል። ማግኔቷ።

ታሪኩ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ውስጥ "ማግኔቷ ደህና ናት?" ተብሎ ተጠየቀ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ አስጠርተው ሚስትህ ወንድማችንን ሌባ አድርጋዋለች አሉት። ምሳ ላይ የቦዬ ሥር ቅቅሉን በሚያቃጥለው ዳጣ እያጠቀሰ በላ። ሲጨርስ፣ "አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ማመን አቃተሽ?" አለኝ። ይህ አመመኝ። ክፉ ሰው ቢሆን መልስ አላጣለትም ነበር።

ሳህኖቹን ሳላነሳ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄድኩ። አላለቀስኩም፣ ይቅርታም አልጠየቅሁም። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ፤ ፒካፑ ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይደር፣ ቁልፉ ጥበቃው ጋ ይሁን፣ ነገ ከጠዋት ጸሎት በኋላ ይነሳ። ጥሩ ከሆነ እዚያው ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ በጠሩት ዋጋም እገዛለሁ። ትልቁ ሽማግሌ በወላይትኛ "ሎዖ" አሉ፣ መልካም ነው እንደማለት፤ ከዚያም ወደ ጋሽ ዳንኤል ዞረው ምን ችግር አለው ብለው ጠየቁ። ለጋሽ ዳንኤል ችግሩን ከመናገር ቁልፉን ማስረከብ ቀለላቸው።

 ጥሩ ሆኖ ቢገኝስ? ጥሩ ሆኖ ከተገኘማ ጥሩ መኪና ገዛሁ ማለት ነው። ይቅርታ መጠየቅ ደግሞ አልሞትበትም።

ዓርብ

መስታወቱ ላይ ጤዛ ነበር። ኮፈኑን ነካሁት፤ ቀዝቃዛ። ደስ ሲል! ጥበቃው የራዲያተሩን ክዳን ከፈተልኝ፣ ውሃው እስከ አፉ ሞልቶ ረግቷል።

ጋሽ ዳንኤል ቁልፉን አዞሩ። አቃሰተ፣ አልተነሳም። ደገሙት። ከጸሎት የወጣው ሰው እየቆመ ማየት ጀመረ። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ተነሳ፤ ጭሱ ግን ሌላ ነው። ሰማያዊ የቀላቀለ ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው፣ አልቆም አለ፣ መዘምራኑ እያሳሉ ወደ አዳራሹ ተመለሱ። ሞተሩ ውስጥ መዶሻ የሚመታ ሰው ያለ ይመስላል። ራዲያተሩ ጋ ጎንበስ ብዬ ሳይ ውሃው ገና ሳይሞቅ እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ያ ሾፌር የነገረኝ፣ አንድም ሳይቀር።

"ብርድ ነው" አሉ ጋሽ ዳንኤል።

አፌ ላይ ብዙ ነገር መጣ። ሳልናገር ግን ታሪኩ፣ ሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ታሪኩ፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ።

"ጋሽ ዳንኤል፣ ይህን ያውቁ ነበር?"

ሞተሩን አጠፉት። ቁልፉን እያዩ፣ "ሁሉም መኪና የራሱ ነገር አለው" አሉ።

ታሪኩ ሌላ አልጠየቀም። ቦርሳዬን ከእጄ ተቀብሎ ወደ ቤት አብረን ሄድን።  መንገዱን ሁሉ እጄን ይዞኝ ነበር፣ በጠዋት ፀሐይ፣ ሰው እያየ፣ አስፋልቱ ላይ።

ቅዳሜ

ሁለት ሰው ሰላም አላለኝም። አንዷ እህት ቤት ድረስ መጥታ፣ በግል ብትነግሪያቸው ይሻል ነበር አለችኝ። በግል ነው የጀመርኩት አልኳት፤ በግል ሁልጊዜ ሞቆ ነበር የሚጠብቀኝ። አልጸጸትም። መጸጸት ያለበት ካለ ይጸጸት።

ግን መኪና የለኝም። ሰኞ ደግሞ ጉኑኖ ጭነት አለ።

ወሬው ሙዘሚል ጋ ደርሶ ኖሯል፣ ደወለልኝ። ቦዲቲ መጋዘኑ ውስጥ ሊሸጥልኝ የሚችል አሮጌ ፒካፕ አለው። "ከሐሙስ ጀምሮ አልተነሳም፣ ማንም እንዳይነካው ብያለሁ። ነይና አስነሺው" አለኝ። ታሪኩን ይዤ በሚኒባስ ሄድኩ።

ሲንግል ጋቢና ነው። ቀለሙ ሰማያዊ ነበር ይላሉ። ስፖንዳው፣ የጭነቱ ግድግዳ፣ ተጎድቷል፣ የግራው መስኮት በእጅ ካልተደገፈ አይወጣም፣ የኋላ መስታወቱ ላይ "ማሻአላህ" የሚል አለ። ኮፈኑ እንደ ድንጋይ የቀዘቀዘ። በሁለተኛው ተነሳ፣ ትንሽ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ጠራ። ራዲያተሩ ውስጥ ውሃው ፀጥ ብሎ ነበር። ማግኔቴን አወጣሁ፣ ሁሉም ቦታ ተለጠፈ፤ ዝገቱ ያለበት እንኳ።

ሙዘሚል ጉድለቱን ራሱ ነገረኝ። ፍሪሲዮኑ ቆይቶ መቀየር ይፈልጋል፣ የኋላ ባሌስትራው አንዱ ተሰብሮ ተጠግኗል፣ ሲዘንብ በሩ ውሃ ያስገባል። ለምን እንዲህ እንደሚነግረኝ ጠየቅሁት።

"እኔን አትመኚኝ፣ ማርታ። መኪናውን እዪው" አለኝ። "ይህ መኪና ከቆመ የእኔም ጭነት ይቆማል። የሚቆም መኪና ሸጬልሽ ምን እጠቀማለሁ?"

ከዚህ የተሻለ ዋስትና ማንም ሰጥቶኝ አያውቅም። ቢሆንም ባዶውን አልገዛም አልኩ። የድንች ጆንያ አስጫንኩና ራሴ ነዳሁት። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ቆይቷል፣ ሰው ግን ዛሬም ታሪኩን ነው መሪው ጋ የሚፈልገው። ሶዶ ገብቼ ወደ ዳሞታ ተራራ የሚወጣውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ወጣሁት። የሙቀት መለኪያው መሃል ላይ እንደቆመ ቀረ። ታሪኩ ዓይኑን ከመለኪያው አልነቀለም። ውሉን አብሮን ከመጣው ከሙዘሚል ጋር እዚያው ሶዶ ተፈራረምን፣ ስም ማዞሩ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

እሑድ

ይዤው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ክፍት ቦታ የነበረው ከነጩ ፒካፕ ጎን ብቻ ነበር፣ አቆምኩት። ሰው አንዴ የጋሽ ዳንኤልን መስታወት፣ አንዴ የእኔን እያነበበ አለፈ።

ታሪኩ "ማሻአላህ" የሚለውን እንፋቀው ወይ ሲል ነበር ጠዋት። የገዛሁት ሞተሩን ነው፣ መስታወቱን ተወው አልኩት።

ስወጣ አንድ የማላውቀው ወጣት ነጩን መኪና እየዞረ ያያል፣ ጋሽ ዳንኤል አብረውት ናቸው። ማለፍ እችል ነበር። አላለፍኩም። "ወንድሜ፣ ልትገዛው ከሆነ አድሮ ጠዋት ሳይሞቅ እየው" አልኩት።  ጋሽ ዳንኤልን ሰላም ብያቸው መኪናዬ ውስጥ ገባሁና ቁልፉን አዞርኩ። በአንዴው ተነሳልኝ፣ በዚያች ሰዓት እንዴት እንደወደድኩት።

ሰኞ

ገና ጎህ ሲቀድ ነቃሁ። እንቅልፍም አልነበረኝም። ፍሪሲዮኑ ዛሬ ቢያልቅስ፣ ባሌስትራው ቢለቅስ፣ ሙዘሚልም አታሎኝ ቢሆንስ? ሰው ማመን አቃተሽ ያለኝ እውነቱን ይሆን?

አልጋው ላይ ታሪኩ የለም። ነጠላዬን ደርቤ ስወጣ ግቢው ውስጥ መኪናው ፊት ቆሟል፣ መዳፉን ኮፈኑ ላይ ዘርግቶ።

"ቀዝቃዛ ነው" አለኝ። "ነይ አስነሺው።"

በሦስተኛው ተነሳ። ለጉኑኖ ሰዓቱ ደርሷል፣ ይህን የምጽፈው ጋቢናው ውስጥ ሆኜ ነው፤ ታሪኩ የግቢውን በር እየከፈተልኝ ነው።