በፍልሰታ ቡጢ የለም

ነሐሴ 1፣ ከሰዓት 10

አውራ ጣቴ አሁንም እንዳበጠ ነው። በሞቀ የጨው ውሃ ነከርኩት፣ ትንሽ ሻል ሲለኝ ጌም ቤት ሄድኩ። ቲቪው ነጠላ ለብሷል። እትዬ ጥሩወርቅ ደጃፉ ላይ ምስር ይለቅማሉ። የቤቱ ባለቤት ናቸው፣ ደብተሬ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሳሎናቸውን ለቲቪና ለጆይስቲክ ለቀው የሰፈሩን ልጅ ሁሉ እየተቆጡ ይኖራሉ። ምነው ተሸፈነ ብል ፍልሰታ ገባ አሉኝ። የኳሱን ጌም መጫወት ይቻላል፣ የቡጢው ጌም ግን ጾሙ እስኪፈታ የለም። ልጆቹ ተንጫጩ። ጌም ነው፣ ሥዕል ነው፣ ማንም አይጎዳም አሉ። እሳቸው ፍንክች የለም።

“ሲመቱት ያቃስታል። የሚያቃስት ሰው በፍልሰታ በቤቴ አላስመታም።”

ለሌላው ቀልድ ነው። እኔ ግን ተቃጠልኩ። የባ/ዳሩ የቡጢ ጌም ውድድር ነሐሴ 24 ነው። ከዚህ ቤት የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ፤ የሚለየውም ፍልሰታ በተፈታ ማግስት እርስ በርስ ተጫውተን። በመስከረም ደግሞ ገጠር፣ ድብ ባሕር እገባለሁ፣ የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ ተመድቤያለሁ። እዚያ ጌም ቤት አለ ወይ ብዬ የጠየቅኩት ሰው ሳቀብኝ። እንግዲህ የዘንድሮው የመጨረሻዬ ነው። ጾሙን ሙሉ እጄን አጣጥፌ ከተቀመጥኩ አለቀልኝ።

ነሐሴ 2፣ ከሰዓት 11

ቅዳሴ ላይ ቆሜ (እግዜር ይቅር ይበለኝ) ስለ ጌም ሳስብ ነበር። አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ እት. ጥሩወርቅ። ልጫወት፣ ግን አልመታም፤ መሸሽ ብቻ ልለማመድ አልኳቸው። ምስራቸውን ትተው አዩኝ። ሳይመቱ መጫወት ምን ይባላል አሉ።

እውነቴን ነው ግን። የጎደለኝ እሱ ነው። እኔ የማውቀው ወደ ፊት መሮጥና መደብደብ ነው። አምና ባ/ዳር ላይ የገጠመኝ ልጅ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፣ ይጠብቃል፣ ስገባለት ያወርድብኛል። ማስቲካ እያኘከ። በመጀመሪያው ዙር ወጣሁ። ከዚያ እስከ ወረታ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ አለቀስኩ፣ የጌም ቤታችን ልጆች ደግሞ ያላዩ መስለው በመስኮት ያያሉ።

እትዬ አሰቡበት። ታዲያ ማን ይምታሽ? ሁሉም ጿሚ ነው። ያኔ ከድር በር ላይ ቆሞ ነበር። ባጃጅ ነጂ ነው፣ የጎንደር አዲስ ዓለም ልጅ፣ ሙስሊም። በዚህ ቤት በቡጢው ከእኔ ቀጥሎ ያለ እሱ ነው። (እሱ “ከእኔ ቀጥሎ አንቺ” ይላል።) እትዬ ከላይ እስከ ታች አዩት። እሱ የእኛን ጾም አልያዘም፣ ይምታ አሉ። ድምፁ ግን ይጠፋል። የእኔ እጅ አንዴ ከሰነዘረ ደግሞ ቲቪው የዚያን ቀን ያበቃለታል።

የልጆቹን ሳቅ ብትሰሚ። ከድር በፍልሰታ ብቻውን ክርስቲያን ሊደበድብ ተፈቀደለት እያሉ።

ነሐሴ 3

አፍሬያለሁ። ገና ከመጀመራችን ከድር ሳተ፣ የእኔ ጣት ሳላዛት ቡጢ ሰነዘረች። እትዬ ተነስተው አጠፉት። ነጠላውም ተመለሰ። አመል ያወጣል ከመሃል። ከድር ቁልፉን አንስቶ ወደ ባጃጁ። ነገ በዚሁ ሰዓት አለኝ፣ ሌላ ነገር የለም።

ተናድጄ ወጣሁ። በማን እንደሆነ አላውቅም።

ነሐሴ 5፣ ከሰዓት 10

ዛሬ አልሰነዘርኩም። ተደብድቤ አለቅሁ ግን። ድምፅ ስለሌለ ሲመታኝ እንኳ አልሰማም፤ ቲቪው ላይ የሕይወት መስመሬ እያጠረ ሲሄድ አያለሁ፣ በቃ።

ትምህርቱ ይሄ ነው፣ ደብተሬ፤ ለአንቺም ላስረዳሽ። ወደ ኋላ ሁለቴ ስነካ ቲቪው ውስጥ ያለችው ሴትዮዬ አንዴ ትፈናጠራለች። ከዚያ ለአፍታ ደርቃ ትቆማለች። የምትገድለኝ ያቺ አፍታ ናት። ድርቀቱን ለመቁረጥ ጣቴ ወደ ታችና ኋላ መሃል ጠጋ ብላ እንደገና ኋላን መንካት አለባት። ያኔ ሳትቆም ደግማ ትንሸራተታለች። የቤታችን ልጆች “ሸርተት” ይሉታል። በአፍ ቀላል ነው። በጣት ግን ወይ ትቀድማለች፣ ወይ ትዘገያለች፣ ወይ ሴትዮዋ ቁጢጥ ብላ ትቀራለች። ልጆቹ መምህርት ለሽንት ተቀመጠች እያሉ ይስቃሉ።

ርቦኝ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ዓይኔ ይጨልማል። በመሃል ከድር ብድግ ብሎ ጠፋ። በመስኮት ሳይ ዝናቡ ውስጥ ባጃጁ ላይ ተቀምጦ፣ ሸራውን አውርዶ ሳንቡሳ ይበላል። ቤት ውስጥ ሞቆለት መብላት ይችል ነበር። እንዳየሁት አልነገርኩትም። ሲመለስ አፉን ጠርጎ ነበር።

ነሐሴ 7

መብራት ሄደ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል፣ ልጆቹ ሁሉ ተበተኑ። ጆይስቲኩን ላስቀምጥ ስል ከድር ያዢው አለኝ። ፊት ለፊቴ ዱካ ላይ ተቀመጠ። እሱ በአፉ ይመታል፣ እኔ በጣቴ እሸሻለሁ። ላይ ይላል። ታች ይላል። ያዝኩሽ ይላል። ጣቴን እያየ፣ አሁን ቀደምሽ፣ አሁን ሸጋ፣ አሁን ሞተሻል ይለኛል። በጨለመ ቲቪ ፊት ሁለት እብዶች። እትዬ ይሄኛውን ዓመቱን ሙሉ ብትጫወቱት አልከፋም ብለው ሳቁ።

በዝናብ ሰዓት ለባጃጅ ገበያ ነው። ደጅ ሰው ተጎናብሶ እያፏጨ ይጣራል። እሱ አልወጣም። ምነው አትሠራም ብዬ ስጠይቀው ጎማው ተንፍሷል አለኝ። ሲሄድ አየሁት፣ ጎማው ደህና ነው።

ነሐሴ 9፣ ከሰዓት 9፡30

መጣ! ደብተሬ፣ መጣ። ዛሬ በሦስተኛው ጨዋታ ላይ፣ ስለ እሱ ሳላስብ፣ ስለ ተልባ ፍትፍት እያሰብኩ። ሸርተት፣ ሸርተት፣ ሸርተት። የከድር ወፍራም ሰውዬ አየር እየመታ ቀረ። ልጆቹ ኳሳቸውን አቁመው ዞሩ። እትዬ ምን ሆነ አሉ፣ ምንም አልሆነም አላቸው አንዱ፣ አልተመታችም። እሰይ አሉ እሳቸው፣ ምኑ እንደገባቸው እንጃ።

ዛሬ ማንንም እወዳለሁ። ዝናቡንም፣ ያበጠውን ጣቴንም።

ነሐሴ 10

ዛሬ ደግሞ ከፋኝ። ከልጆቹ አንዱ በጆሮዬ፣ ከድር እኮ ለባ/ዳሩ ቦታ ተመዝግቧል አለኝ። አውቅ ነበር፤ በዚህ መንገድ ግን አላሰብኩትም። በየቀኑ እየመታኝ የት እንደምሸሽ እየተማረ ነው? የጣቴን ልማድ ከእናቴ በላይ ያውቀዋል። ጥርጣሬዬ ራት አስጠላኝ። ዝም ማለት አልችልም፣ ጠየቅኩት። ባጃጁን እያጠበ ነበር። ጨርቁን ጨምቆ አስቀመጠ።

“እኔም መሄድ እፈልጋለሁ፣ አልደብቅሽም። ግን አንቺን አዳክሜ ከሄድኩ ባሕር ዳር ምን ይዤ እደርሳለሁ?”

ከዚያ ነገ ትመጫለሽ አትመጪም አለኝ። እመጣለሁ አልኩ። የተናገርኩት ሁሉ ፊቴን አቃጠለው። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየመኝ ነበር፤ እሱ እስከ ቤቴ አደረሰኝ።

ነሐሴ 13፣ ቡሄ

ከጧት ጀምሮ ጅራፍ። ሲመሽ ደግሞ ልጆች በር በር ላይ። እት. ጥሩወርቅ ሙልሙሉን በቅርጫት ሞልተው ለዘፋኝ ያከፋፍላሉ። ለከድር ለብቻው በጨርቅ የተጠቀለለ ሰጡት፣ ለእናትህ አሉት። በየዓመቱ እንዲህ ነው፤ በዒድ ደግሞ ከዚያ ወገን ሳህን ይመጣል። እኔ ይሄን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። ሦስት ዓመት በዚህ ቤት ስገባ ስወጣ ዓይኔ ቲቪው ላይ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ከሰዓት አንድ ሙሉ ዙር ተጫወትን። አልነካኝም። ሰዓቱ እስኪያልቅ፣ አንድ ጊዜ እንኳ። ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን ገለል፣ እንደገና ወደ ኋላ። ከድር ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እጁን አፍታታና፣ ደከመኝ አለ። ከእሱ አፍ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እትዬ ከበሩ ሆነው፣ እመብርሃን እንዲህ ከክፉ ሁሉ ታሽሽሽ ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ።

ነሐሴ 16

ጾም ተፈታ። ጌም የለም ዛሬ። እትዬ ቤት ተጠርተን በላን። ለእኛ ዶሮ። ለከድር አዲስ መጥበሻ ከነወረቀቱ አውጥተው እንቁላል ጠበሱለት፣ ስጋችንን እንደማይበላ ያውቃሉ። እሱም እንቁላሉን እየጎረሰ የእኛን ዶሮ ሽታ ያደንቃል። ስለ ነገ ማንም አላነሳም። እኔ ግን ስለ ነገ ብቻ ነው የማስበው። እሱም ይመስለኛል።

ለእኔ ብሎ ስንት ተሳፋሪ እንደተወ አላውቅም። አመሰግናለሁ ብዬ በአፌ አልነገርኩትም። ምን ብዬ ልጀምር?

ነሐሴ 17፣ ከሰዓት 12

ተሸነፍኩ።

በሥርዓት ልጻፈው። ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ድምፁ ተከፍቷል። አምስት ዙር፣ ሦስት ያሸነፈ ይሄዳል። የመጀመሪያውን እኔ፤ ሁለተኛውን እሱ፤ ሦስተኛውን እኔ፤ አራተኛውን እሱ። ረጋ ብዬ አስቤ ስመታ ሁሉም ይሳካ ነበር። አምስተኛው ላይ ሁለታችንም አንዲት ምት ቀርታናለች። ከድር በትልቁ እግሩ መጣ። ሸርተት አልኩ። አየር መታ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ቀረ። ሕፃን ልጅ እንኳ የማይስተው። አዝራሩ ከጣቴ ሥር ነበር።

ጣቴ አልወረደችም። ደግሜ ሸርተት አልኩ። ለምን? ከማን ነው የምሸሸው? እሱ ዞረ። አለቀ።

ቤቱ ጮኸ። ከድር ግን አልጮኸም። ቲቪውን ትቶ እኔን ያያል።

“ለምን አልመታሽኝም?”

“እጄ እምቢ አለች። ጾሙ ከእጄ አልተፈታም።”

አንዳንዱ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ያ ዙር የእሷ ነበር፣ እንድገመው ብሎ ለቤቱ ሁሉ ተናገረ። እትዬ እሷ ትወስን አሉ። አይሆንም አልኩ። የተሸነፍኩት በእውነት ነው፤ በምጽዋት ባ/ዳር አልሄድም። ወጥቼ በእግሬ እስከ ፒያሳ፣ ከዚያ ዝም ብዬ ወደ ላይ።

አለቀስኩ፣ አልደብቅሽም። አሁን አቁሜያለሁ።

ነሐሴ 18፣ ጧት 2

ተኝቼ ተነሳሁ፣ ቁጣው የለም። ፈለግሁት፣ አጣሁት። እንዲያ መጫወት የምችል ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር። አምስት ዙር ሙሉ ጎንደር ውስጥ ካሉት ሁሉ አብልጦ ከሚመታው ሰው ፊት ቆሜ፣ የነካኝ በጣት የሚቆጠር ነው። ድብ ባሕር ስገባ ይሄን ማንም አይወስድብኝም። የሰጠኝ እሱ ነው፤ ለራሱም የሚፈልገውን ቦታ እያወቀ። እትዬም በምስራቸውና በነጠላቸው። በእውነት ደስ ብሎኛል፣ ትንሽ ጥግ ላይ እያመመኝም ቢሆን።

ግን አንድ ነገር አላስተኛኝም። ከድር ፍልሰታን ሙሉ ሲመታ ከረመ። አንድ ቀን አልሸሸም። ትናንትም በየዙሩ ወደ ፊት እየገባ ነው የተጫወተው፣ ልክ እኔ አምና እንዳደረግኩት። ያ ማስቲካ የሚያኝከው ልጅ ባ/ዳር ቁጭ ብሎ እየጠበቀው ነው። በመጀመሪያው ዙር ይጥለዋል። እስከ ወረታ ማልቀስ ምን እንደሚመስል እኔ አውቃለሁ፣ እሱ አያውቅም፣ እንዲያውቅም አልፈልግም።

ሳምንት አልሞላም የቀረው። ሸርተት በሳምንት ይመጣል? ለእኔ እስኪጠና ከዚያ በላይ ወሰደ። የእሱ ጣት ግን ከእኔ ይፈጥናል፣ ደግሞ አስተማሪ አለው።

ደወልኩለት። ሳይጨርስ ገና ሄሎ ሲል፣ ጆይስቲክ አስይዤ እደበድብሃለሁ፣ አንተ አትመታም አልኩት።  ጾም ነው እንዴ አለኝ። አዎ፣ እስከ 24 ያንተ ነው አልኩት። ሲስቅ ሰማሁት።

ባጃጁ ደጅ ቆመ። ልሂድ፣ ደብተሬ። ዛሬ የምመታው እኔ ነኝ።